ሶፍትዌሩ ይቆይ፤ መጀመሪያ ቆጠራው

ጥያቄ፦ «ጅማ ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት የባህል ተቋም እሠራለሁ። ሙዚየም፣ ትንሽ ቤተ መጻሕፍትና የሰነድ ክፍል አለን። ሦስቱም መዝገብ የሚይዙት ለየብቻ ነው፤ አንዳንዱ በእጅ ጽሑፍ፣ አንዳንዱ በኤክሴል። አሁን ሁሉንም ወደ አንድ ማዕከላዊ ሲስተም እንድናስገባ ታዘናል። ሁለት ድርጅቶች ፕሮፎርማ አቅርበዋል። በጀቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ሥራ ላይ መዋል አለበት። ነባር ሠራተኞች ግን ነገሩን አልወደዱትም። የትኛውን ሲስተም እንግዛ?»

ምላሽ፦

ለጊዜው ከሁለቱም አይግዙ። ሻጮቹን ስለምጠራጠር አይደለም፤ ያቀረቡትንም አላየሁትም። የገለጹልኝ ችግር ግን ሶፍትዌር የሚፈታው ዓይነት አይደለም። ሦስት የማይስማሙ መዝገቦች ያሉት ተቋም ዕቃውን ሳይቆጥር ሲስተም ከገዛ፣ የሚያተርፈው አራተኛ የማይስማማ መዝገብ ነው።

ደጋግሜ ያነበብኩት «ነባር ሠራተኞች ነገሩን አልወደዱትም» ያሉትን ነው። ብዙ አለቃ ይህን ሲሰማ «ኮምፒውተር ስለማይችሉ ነው» ይልና ሥልጠና ያዘጋጃል። አበል ይከፈላል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል፣ ነገሩ ግን ንቅንቅ አይልም። በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ ያየሁት ፍርሃት ሌላ ነው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሥራውን ሲረከብ መዝገብ ላይ የሰፈረውን ሁሉ «ተረክቤያለሁ» ብሎ ፈርሟል። ዕቃው አንድ በአንድ አልታየም፤ ታይቶም ከሆነ «በርጩማ፣ ብዛት 14» ተብሎ ነው የታለፈው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ለዐውደ ርእይ ወጥቶ ይቅር፣ አንዱ ይሰበር፣ አንዱ የአንድ ቢሮ መቀመጫ ይሁን፣ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። አሁን «እያንዳንዱ ዕቃ ፎቶ ተነሥቶ ሲስተም ይገባል» ሲባል ኃላፊው የሚሰማው «ጉድለት ሊገኝብህ ነው» የሚለውን ነው። በሞዴል 19 (በገቢ ቅጽ) የተረከበውን፣ በሞዴል 22 (በወጪ ቅጽ) ያላወጣውን ዕቃ ቢጠየቅ የሚመልሰው የለውም። ይህ ሰው ሥራውን ቢያጓትተው እኔ አልፈርድበትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ደብዳቤ መጻፍ ነው። የተቋሙ ኃላፊ ከሕግና ከፋይናንስ ክፍል ጋር ተማክሮ፣ ይህ ቆጠራ የመነሻ ቆጠራ መሆኑን በጽሑፍ ያሳውቅ። ያልተገኘ ዕቃ «ያልተገኘ» ተብሎ ይመዘገባል፤ አጣሪ ኮሚቴ ያየዋል፤ ማጣራቱ ሳያልቅ ማንም ተጠያቂ አይባልም። የስርቆት ምልክት ካለ ደብዳቤው ከለላ እንደማይሆን በዚያው ላይ ይስፈር። ይህ ደብዳቤ ማኅተም ተመቶበት ሳይወጣ ካሜራ ይዞ ግምጃ ቤት የሚገባ ሰው፣ ቁልፉ ጠፍቷል፣ ባለቁልፉ ፈቃድ ላይ ነው የሚል መልስ ደጋግሞ ይሰማል።

ጉዳዩ የድሃ አገር ጉዳይ እንዳይመስልዎት። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ወደ 2,000 የሚጠጉ ዕቃዎች እንደጠፉ፣ እንደተሰረቁ ወይም እንደተጎዱ ይፋ ሲያደርግ ዳይሬክተሩ ሥልጣን ለቀዋል። ከዕቃዎቹ ብዙዎቹ በአግባቡ ያልተመዘገቡ ስለነበሩ መጥፋታቸውን ለማወቅም፣ «የእኛ ነው» ብሎ ለማስረዳትም አስቸጋሪ ሆነ። ከወራት በኋላ ሙዚየሙ በአምስት ዓመት ውስጥ 2.4 ሚሊዮን መዝገቦችን አዲስ አስገብቶ ወይም አሻሽሎ እንደሚጨርስ አስታወቀ። ያ ተቋም ሲስተም አጥቶ አያውቅም። ያነሰው የተመዘገበ ዕቃ ነው።

ወደ ቆጠራው እንግባ። ሁለት ሰው፣ አንድ ካሜራ፣ አንድ ሜትር፣ አንድ ክፍል ይበቃል። መዝገቡን ይዛችሁ ዕቃውን አትፈልጉ፤ ዕቃውን ይዛችሁ መዝገቡን ፈልጉ። በመዝገቡ ከጀመራችሁ፣ መዝገቡ የማያውቀው ዕቃ ከመደርደሪያው ጥግ ላይ ሳይታይ ይቀራል፤ በሙዚየም ደግሞ እንዲህ ያለው ከሚታሰበው በላይ ነው። ክፍሉ ሲያልቅ ብቻ በተቃራኒው ሂዱ፦ መዝገቡ ላይ ኖሮ ዕቃው ያልተገኘው የቱ ነው?

እነዚያን በርጩማዎች እንደ ምሳሌ ልያዝ። የጅማ በርጩማ ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው። «በርጩማ፣ የእንጨት፣ ባለ ሦስት እግር፣ ይዞታው ጥሩ» ብላችሁ ብትጽፉ መግለጫው ለአሥራ አራቱም ይሠራል፤ ስለዚህ ለአንዱም አይሠራም። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖሊስና ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ኦብጀክት አይዲ የሚባለው አጭር የመግለጫ መስፈርት «ልዩ ምልክት» የሚል መስመር ያለው ለዚህ ነው። «ከመቀመጫው ጠርዝ እስከ ግራው እግር የወረደ ስንጥቅ፣ በሁለት የሽቦ ጥልፍ የተያዘ፤ ከሥሩ የእጅ መዳፍ የሚያህል የቃጠሎ ጠባሳ» የሚል ጽሑፍ በርጩማው ነገ አንድ ሱቅ ውስጥ ቢታይ ያስይዘዋል። ፎቶውም ከፊት ብቻ አይሁን፤ ገልብጡትና ከሥሩም አንሡት። ቁጥሩና መለኪያው በፍሬሙ ውስጥ ይታዩ።

ቁጥሩ ራሱ ትርጉም አይሸከም። ክፍሉን፣ ብሔሩን፣ የዕቃውን ዓይነት በፊደል እያሳጠሩ ቁጥር ውስጥ የሚጨምሩ አሉ፤ ዕቃው ክፍል ሲቀይር ቁጥሩ ይዋሻል። እናንተ ጋ ደግሞ አንዱ በግዕዝ ፊደል፣ ሌላው በቁቤ ስለሚጽፈው አንድ ምህጻረ ቃል ሁለት ይሆናል። አኃዝ ብቻ ተጠቀሙ፦ የገባበት ዓመት፣ በዚያ ዓመት ስንተኛ ርክክብ እንደሆነ፣ በርክክቡ ውስጥ ስንተኛ ዕቃ እንደሆነ፤ ለምሳሌ 2017.3.12። ዓመቱ የኢትዮጵያ እንደሆነ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። ዕቃው ላይ ያሉ አሮጌ ቁጥሮችን እንዳትፍቁ፤ «የቀድሞ ቁጥር» የሚል ዓምድ አበጁላቸው። አንድ ቅርስ የሙዚየሙ፣ የዞኑና የፌዴራሉ ምዝገባ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ሰጥተውት ሊገኝ ይችላል፤ ሦስቱም የታሪኩ አካል ናቸው።

ቁጥሩን በፕላስተር ወይም በስኮች አትለጥፉት። ጅማ ክረምቱ ረጅም፣ አየሩ እርጥብ ነው፤ ሙጫው ይለቅና ቁጥሩ መሬት ላይ፣ እድፉ ዕቃው ላይ ይቀራል። ለእንጨትና ለሸክላ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባለውን ሽፋን በስሱ ቀብቶ፣ ሲደርቅ በቀለም ቁጥሩን ጽፎ፣ ላዩን ደግሞ መቀባት ነው፤ ሲያስፈልግ በአሴቶን ይለቃል። ለጨርቅ በጥጥ ጥብጣብ ላይ ተጽፎ ይሰፋል። ለወረቀትና ለብራና ለስላሳ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይነካቸውም።

ኤክሴል መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ሲስተም እስክትመርጡ ድረስ የሚሻላችሁ እሱ ነው፤ ወጥመዶቹን ግን ዕወቁ። ዓምዱን አስቀድማችሁ «ቴክስት» ካላደረጋችሁት 5-3 ብላችሁ የጻፋችሁት የዕቃ ቁጥር ወደ ቀን ይለወጥባችኋል፤ 007 ደግሞ 7 ይሆናል። ቀን ሲሆን ይብሳል። ጥቅምት 30 ቀን 1985 ለማለት 30/2/1985 ብትጽፉ፣ ማሽኑ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ስለሚያደርገውና ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው እንደ ቀን አይቆጥረውም። ጳጉሜንማ ጨርሶ አያውቃትም። አብዛኞቹ ከውጭ የሚመጡ የሙዚየም ሶፍትዌሮችም ከዚህ አይሻሉም፤ ሻጩ ሲስተሙን ሲያሳያችሁ መጀመሪያ ጳጉሜን 3ን እንዲያስገባ ጠይቁት።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ትንሽ ላስፋው፤ ጅማ ላይ ከሌላው ቦታ የከበደ ነውና። በመዝገባችሁ «የተገኘበት ዘመን 1932» የሚል ካለ፣ በፈረንጅ ከሆነ የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ያረፉበት ዓመት ነው። በእኛ ከሆነ ግን የጣሊያን ወረራ ጊዜ ላይ ይወድቃል። አንዱ የቤተ መንግሥት ዕቃ፣ ሌላው የቅኝ አስተዳደር ዘመን ዕቃ ሊሆን ነው፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። በዚያ ላይ በዐረብኛ የተጻፉ መጻሕፍት የሚይዙት የሂጅራ ዓመት አለ። መፍትሔው አራት ዓምድ ነው፦ በምንጩ ላይ የተጻፈው እንዳለ፣ የአቆጣጠሩ ዓይነት፣ ከዚያም በአንድ የጋራ አቆጣጠር «ከ» እና «እስከ»። አቆጣጠሩ ካልታወቀ «አልታወቀም» ተብሎ ይጻፍ፤ የሚገምት ሰው አይኑር። አንዴ ተገምቶ የተጻፈ ዓመት ከእውነተኛው አይለይም።

የሰው ስምም እንዲሁ። ሶፍትዌሩ «የቤተሰብ ስም» የሚል የግዴታ ሳጥን ካለው፣ ዳታ የሚያስገባው ልጅ «አባ»ን መጠሪያ፣ «ጅፋር»ን የቤተሰብ ስም አድርጎ ሞልቶ ይሄዳል። በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሥታት አሉ፤ አንደኛው ከ1830 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ የገዙት፣ ሁለተኛው ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡት። ስማቸው ብቻ ከተጻፈ የግማሽ ምዕተ ዓመት ልዩነት ይጠፋል። ሙሉ ስም በአንድ ሳጥን፣ ከጎኑ ሰውየውን የሚለይ ቁጥር፤ ይኸው ነው።

ፊደሉን ደግሞ ማረም አያስፈልግም፤ ፍለጋውን ማረም ነው የሚያስፈልገው። አንዱ «ጅሬን»፣ ሌላው «ጂሬን» ይጽፋል፤ «ዐፄ»፣ «አፄ»፣ «አጼ» ሦስቱም በአንድ መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ። ሲስተሙ ሀንና ሐን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ሲፈልግ እንደ አንድ እንዲያይ ማድረግ ለፕሮግራመር ቀላል ሥራ ነው። ጽሑፉ ግን ጸሐፊው እንደጻፈው ይቀመጥ። ቋንቋውም እንደዚሁ፦ ባለቤቱ በአፋን ኦሮሞ የሰጠው ስም በአፋን ኦሮሞ ይቆይ፣ አማርኛው በሌላ ሳጥን ይግባ። አንዱን ወደ ሌላው ተርጉማችሁ የመጀመሪያውን ካጠፋችሁት መልሶ የሚያመጣው የለም።

የድሮ ኮምፒውተር አላችሁ? የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ ቢሮዎቻችን በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ሲጽፉ ኖረዋል። እነዚያ ፋይሎች ፎንቱ በሌለው ማሽን ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ይሆናሉ፤ ወጣቱ ሠራተኛ «ተበላሽቷል» ብሎ ይሰርዛቸዋል። አሮጌውን ማሽን «ይወገድ» ከማለታችሁ በፊት ፋይሎቹን እዚያው ላይ ከፍታችሁ አትሙ ወይም ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩ። ወደ ዩኒኮድ ማዞሩ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

አሁን «ማዕከላዊ» ወደሚለው ልምጣ። ሦስቱን ክፍሎች በአንድ ሶፍትዌር ውስጥ መክተት ትክክል አይመስለኝም። መጽሐፍ ብዙ ቅጂ አለው፣ አንዴ ይገለጻል፣ ይዋሳል። ሰነድ ለብቻው አይገለጽም፤ ከየትኛው መሥሪያ ቤት፣ ከየትኛው ተከታታይ፣ ከየትኛው ፋይል እንደወጣ ከሌለ ትርጉም ያጣል። የሙዚየም ዕቃ አንድ ብቻ ነው፣ ቦታ ይቀይራል፣ ይጎዳል፣ ይጠገናል። ለሦስቱም አንድ ቅጽ ሲሠራ ለሦስቱም የማይሆን ነገር ይወጣል። ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኙ፣ በዓለም ላይ የተፈተኑ አሉ፦ ለቤተ መጻሕፍት ኮሃ፣ ለሰነድ አቶም፣ ለሙዚየም ኮሌክቲቭአክሰስ። የፈቃድ ክፍያ የለም ማለት ወጪ የለም ማለት ግን አይደለም፤ የሚተክል፣ የሚጠብቅ፣ የሚያሻሽል ሰው ደመወዝ ይፈልጋል።

አንድ መሆን ያለበት መለያ ቁጥሩ፣ የሰዎችና የቦታዎች ስም ዝርዝር፣ እንዲሁም የፍለጋው ገጽ ነው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው፣ የአውሮፓ የባህል ተቋማትን ስብስብ በአንድ ድረ ገጽ የሚያሳየው ዩሮፒያና በዚህ መንገድ ነው የሄደው፦ ተቋማቱ የየራሳቸውን ዳታ ቤዝ ይዘው ይቀጥላሉ፣ መግለጫው ብቻ ወደ መሃል ይሰበሰባል፣ ዋናው ፋይል ባለቤቱ ዘንድ ይቀራል። በእናንተ ልክ ሲሆን፣ ሰርቨሩ ግቢያችሁ ውስጥ ይሁን። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው አይቁም፣ መስመሩ ሲመለስ ወደ በላይ ይላክ። ትእዛዙ የመጣው ከበላይ አካል ከሆነ ይህንኑ አስረዱ፤ «አንድ ሲስተም» ሲሉ የፈለጉት ምናልባት በአንድ ቦታ ማየት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፦ መዝገቡን የማረም መብት ከዕቃው አጠገብ ካለው ሰው አይውጣ። ማዕከሉ ስህተት ካየ አስተያየት ጽፎ ይመልስ። አንድ ተቋም ውስጥ፣ ስሙን ልተወው፣ ዋናው ቢሮ ያሉ ባለሙያዎች የዕቃ ስሞችን «አንድ ወጥ እናድርግ» ብለው በአንድ ቀን ቀየሯቸው። የቡና ስኒ፣ የማር ዋንጫና የመድኃኒት ቀንድ ሁሉም «መጠጫ» ሆኑ። ግምጃ ቤት ያሉት ሠራተኞች ከዚያን ቀን ጀምሮ የራሳቸውን ደብተር እንደገና መጻፍ ጀመሩ። ሲስተሙ አለ፤ የሚያምነው ግን የለም።

የምረቃ ፕሮጀክት አድርገው ሲስተም እንሥራላችሁ የሚሉ ተማሪዎች ይመጣሉ። ለፎቶና ለዳታ ማስገባት ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የልምምድ ተማሪ ብትጠይቁ በጣም ይጠቅማችኋል፤ ዋናውን ሲስተም ግን አታሠሯቸው። ልጁ ይመረቃል፣ ፓስወርዱም አብሮት ይመረቃል።

ስለ ደህንነት ባጭሩ። ሁሉን በአንድ ቦታ መሰብሰብ ሁሉን በአንድ ቀን ማጣትንም ያመጣል። ጥቅምት 2016 ዓ.ም. የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በሳይበር ጥቃት ዋና ካታሎጉን ሳይቀር ለወራት ማገልገል ተስኖት ነበር። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ ይቀመጥ። ከግቢ ውጭ ያለው ከኮምፒውተር ጋር ሳይገናኝ ይዋል። በየዓመቱ ሙሉው መዝገብ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ በየገጹ ተፈርሞ ይቀመጥ። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያይ ባለሙያ አለ፤ መብራት በጠፋበት ቀን አላየሁትም።

ዕቃው ያለበት መደርደሪያና ግምቱ ለሕዝብ በሚታየው ገጽ ላይ አይውጣ። በተለይ በመኖሪያ ቤትና በመስጊድ የሚገኙ መጻሕፍትን ከመዘገባችሁ የባለቤቱ ስምና አድራሻ የግል ዳታ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ባለይዞታ ቅርሱን እንዲያስመዘግብ ይላል፤ ሰው የሚያስመዘግበው ግን መዝገቡ ሌባ እንደማያመጣበት ሲያምን ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰኔ 30 አይጠብቅም፤ ገንዘቡ ካልወጣ ይመለሳል። ከፋይናንስ ጋር ተነጋግራችሁ የበጀት ርእሱ ከፈቀደ፣ ለቆጠራው የሚሆነውን ዕቃ ግዙበት፦ ደህና ካሜራና ማቆሚያ፣ ሁለት ላፕቶፕ፣ ዩፒኤስ፣ ሦስት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ከአሲድ ነጻ የሆነ ካርቶን፣ የጥጥ ጥብጣብ፣ ፓራሎይድ። ሁለቱን ሻጮች ደግሞ አትሸኟቸው። ከአንድ መደርደሪያ ላይ የቆጠራችኋቸውን ዕቃዎች ዳታ ስጧቸውና በየሲስተማቸው አስገብተው፣ እንደገና በኤክሴል መልሰው አውጥተው እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ያስገባችሁትና የወጣው አንድ ካልሆነ፣ ወይም «ማውጣቱ ተጨማሪ ክፍያ አለው» ካሏችሁ፣ መልሱን አግኝታችኋል። ከአንዱ ጋር ከተስማማችሁ ዳታው የተቋሙ ንብረት መሆኑ፣ ውል ሲቋረጥ ሙሉው እንደሚመለስና የአስተዳዳሪው ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ በኃላፊው ካዝና እንደሚቀመጥ በውሉ ላይ ይጻፍ።